የቅጽል አገባብና የወገል ጤና ነጭ ድንጋይ

አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ በወገል ጤና ለሚኖር የአጎቱ ልጅ «ነጩን ድንጋይ በሰው እጅ ላክልኝ» ብሎ ጻፈ እንበል። የአጎቱ ልጅ ሣጥኑን ቢከፍት አምስት ድንጋዮች አገኘ፤ አምስቱም ነጫጭ ናቸው። ነጋዴው የፈለገው ከአምስቱ አንዱን ነበር፤ ስለ እርሱም ከገዢ ቀብድ ተቀብሏል። የአጎቱ ልጅ በግምት አንዱን አንሥቶ ላከ። የላከውም ያልተፈለገው ሆነና ገዢው «ቀብዴን መልስ» አለ፤ ዘመዳሞቹም ተቀያየሙ። ጥፋቱ የማን ነው? ላኪው የታዘዘውን ፈጽሟል፤ መልእክተኛውም አደራውን አልበላም። ያጎደለው «ነጩን» የሚለው ቅጽል፣ በትክክል ለመናገርም ያን ቅጽል ብቻ ጽፎ ደብዳቤውን ያሸገው ሰው ነው።

ታሪኩን ለምሳሌ ያህል ፈጠርነው እንጂ ድንጋዩ እውነተኛ ነው። ወገል ጤና በወሎ ደጋ፣ ከላሊበላ በስተ ደቡብ የምትገኝ የደላንታ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 በአካባቢዋ ገደሎች ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ ስሟ በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ተሰምቷል። ድንጋዩ የሚገኘው ጥንት ከእሳተ ገሞራ በወጣ ዐለት መካከል ባለ አንድ ስስ ንብር ውስጥ ነው፤ ቆፋሪዎቹም ፀሐይ መውጫ በተባለው መንደር አጠገብና በሌሎችም ቦታዎች ገደሉን በእጅ መሣሪያ እየፈለፈሉ ያወጡታል። ቀደም ሲል በሰሜን ሸዋ፣ በመዘዞ አካባቢ የተገኘው ኦፓል ባብዛኛው ቡናማ ነበር፤ የወገል ጤናው ግን ባብዛኛው ነጭ ወይም እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ነጋዴ ከነጋዴ ሲገናኝ ስለ መልኩ፣ ስለ መጠኑ፣ ስለ ጥራቱና በውስጡ ስለሚታየው የቀለም ጨዋታ ይከራከራል። የሚከራከሩባቸው ቃላት ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅጽሎች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ቅጽልን ስናጠና ይህን ድንጋይ ከፊታችን አስቀምጠን እንሄዳለን።

ቅጽል ምንድን ነው?

ቅጽል ከስም በፊት እየገባ ስሙ የሚጠራውን ነገር ዓይነት፣ መልክ፣ መጠን፣ ጠባይ ወይም ሁኔታ የሚገልጽ ቃል ነው። «ነጭ ድንጋይ»፣ «ሰፊ ሜዳ»፣ «ቅን ሰው» ስንል «ነጭ»፣ «ሰፊ»፣ «ቅን» የሚሉት ቅጽሎች ናቸው። ብዙ መምህራን ቁጥርን («ሦስት ድንጋይ»)፣ አመልካችን («ይህ ድንጋይ») እና መጠይቅን («የትኛው ድንጋይ») ከቅጽል ይቈጥሯቸዋል። ሥራቸው ስምን መግለጽ ስለ ሆነ ይህ ስሕተት አይባልም። ሆኖም የጠባይ ልዩነት አላቸው። ልዩነቱን ለማወቅ «እጅግ» የሚለውን ቃል ከፊታቸው አስገብታችሁ ፈትኗቸው። «እጅግ ነጭ»፣ «እጅግ ሰፊ» ይባላል፤ «እጅግ ሦስት»፣ «እጅግ ይህ» ግን አይባልም። እኛ እዚህ የምንናገረው ይህን ፈተና ስለሚያልፉት ነው።

ይኸው ፈተና ሌላም ነገር ይለይልናል። «የድንጋይ ቤት» በሚለው ሐረግ ውስጥ «የድንጋይ» ቤቱ ከምን እንደ ተሠራ ቢገልጽም «እጅግ የድንጋይ ቤት» ስለማይባል ቅጽል ሳይሆን ዘርፍ ነው። «ድንጋያማ መንገድ» ያልን እንደ ሆነ ግን «እጅግ ድንጋያማ መንገድ» ማለት ይቻላልና «ድንጋያማ» ቅጽል ነው። ከስም ላይ ባዕድ መድረሻ እየጨመሩ ቅጽል ማውጣት በአማርኛ የተለመደ ነው። የላስታንና የደላንታን አገር ለመግለጽ «ተራራማ»፣ «ገደላማ»፣ «ዳገታማ»፣ «ደጋማ» እንላለን። «ኃይለኛ»፣ «እውነተኛ»፣ «ነገረኛ» በ«ኛ»፣ «መንፈሳዊ»፣ «ዓለማዊ» በ«ዊ» የወጡ ናቸው። «ሆዳም»፣ «ፀጉራም»፣ «ቀንዳም» የሚሉትም ከስም ወጥተዋል፤ ሲነገሩም ባብዛኛው የነገሩን መብዛት፣ አንዳንድ ጊዜም ነቀፌታን ያሰማሉ። በሬን «ቀንዳም» ቢሉት ምስጋና ሊሆን ይችላል፤ ሰውን «ሆዳም» ማለት ግን ስድብ ነው።

ቅጽል የስሙን ጓዝ ይሸከማል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአማርኛ አንድ ስም የታወቀ መሆኑን የምናሳየው በመጨረሻው ላይ በምንጨምረው ምልክት ነው፤ «ድንጋይ» የሚለው «ድንጋዩ» ይሆናል። ቅጽል ከፊቱ ሲገባ ግን ያ ምልክት ስሙን ይለቅና ወደ ቅጽሉ ይሄዳል።

ድንጋዩ ተሸጠ።
ነጩ ድንጋይ ተሸጠ።

ነጭ የሆነ አንድ የታወቀ ድንጋይ ለማለት «ነጭ ድንጋዩ ተሸጠ» የሚል የአማርኛ ተናጋሪ የለም። የተሳቢውም ምልክት «ን» እንዲሁ ይሄዳል፤ «ድንጋዩን ሸጠ» የነበረው «ነጩን ድንጋይ ሸጠ» ይሆናል። ጾታውም ከዚያው ላይ ይታያል፤ «ነጩ ፈረስ» ብለን «ነጯ በቅሎ» ወይም «ነጪቱ በቅሎ» እንላለን። እንግዲህ የአማርኛ ቅጽል ከስሙ ፊት ፊት እየሄደ ጓዙን የሚሸከም ነው። ስሙ ራሱ ቢቀር እንኳ ጓዙ አይወድቅም፤ «ነጩን አምጣ» ቢባል ሰሚው የቀረውን ስም ከነገሩ ያገኘዋል።

ስሙ የባለቤትነት ምልክት ሲኖረው ግን ጓዙ ለሁለት ይከፈላል። «ነጩን ድንጋዬን ሸጥሁ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ን» በቅጽሉም በስሙም ላይ እንዳለ አስተውሉ። የእኔ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ግን ከስሙ አልተነሣም፤ «ነጬ ድንጋይ» አይባልም።

ሁለት ቅጽሎች ተከታትለው ሲመጡ ምልክቱን የሚይዘው ፊተኛው ነው። «ትልቁን ነጭ ድንጋይ አምጣ» ቢባል የሚፈለገው አንድ ድንጋይ ነው፤ እርሱም ትልቅም ነጭም ነው። «ትልቁንና ነጩን ድንጋይ አምጣ» ቢባልስ? ሰሚው ሁለት ድንጋይ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ነጭ። አንዲት «ና» እና አንዲት ተጨማሪ «ን» የድንጋዩን ቍጥር እንደ ለወጡት ተመልከቱ። ውል በሚጻፍበት ጊዜ፣ ርስት በሚካፈሉበት ጊዜ፣ የሟች ኑዛዜ በሚነበብበት ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ቀላል አይደለም።

ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡ የሚመስሉ ሐረጎች አሉ። «ነጭ ሽንኩርት» እና «ጥቁር ሰሌዳ» የሚሉትን እንውሰድ። እናት ልጇን ወደ ጓዳ ስትልክ «ነጭ ሽንኩርቱን አምጪው» ትላለች እንጂ «ነጩን ሽንኩርት» አትልም። ለምን? «ነጭ» እዚህ ላይ ሽንኩርቱን መግለጹን ትቶ የስሙ አካል ሆኗል። ሁለቱ ቃላት ተዋሕደው አንድ ስም ሆነዋልና ምልክቱ በመጨረሻቸው ላይ ይወድቃል። «ነጩን ሽንኩርት» ብትል ኖሮ ልጅቷ ከቀዩ ሽንኩርት መካከል ነጣ ያለውን ፍለጋ በገባች ነበር። ሰሌዳም እንዲሁ ነው። «ጥቁር ሰሌዳው» የምንጽፍበት ነው፤ «ጥቁሩ ሰሌዳ» ግን ከሌሎች ቀለሞች የተለየው ነው። ጥቁር ሰሌዳ አረንጓዴ ቀለም ቢቀባ እንኳ ስሙ ጥቁር ሰሌዳ ነው።

ስለ ብዙ ቍጥር

የአማርኛ ስም ብዙ ሲሆን «ኦች» ይጨመርበታል። ቅጽል ግን የራሱ መንገድ አለው፤ ከውስጡ አንዱን ፊደል ይደግማል። «ትልቅ» «ትልልቅ»፣ «ትንሽ» «ትንንሽ»፣ «ረጅም» «ረጃጅም»፣ «አጭር» «አጫጭር»፣ «አዲስ» «አዳዲስ»፣ «ጥቁር» «ጥቋቁር»፣ «ነጭ» «ነጫጭ»፣ «ከባድ» «ከባባድ»፣ «ሰፊ» «ሰፋፊ» ይሆናል። የሚደገመው ሁለተኛው ፊደል ነው፤ ብዙውን ጊዜም ፊተኛው ድጋሚ በራብዕ ድምፅ ይነገራል። «ትልልቅ» እና «ትንንሽ» ግን በሳድስ ይቀራሉ።

ቅጽሉ ብዛቱን ከተናገረ ስሙ ዝም ቢል ይፈቀድለታል። «ትልልቅ ድንጋዮች» ትክክል ነው፤ «ትልልቅ ድንጋይ ተገኘ» የሚለውም በቆፋሪዎች መካከል የተለመደ አነጋገር ነው። ኦፓል ለቃሚ «ትልልቁን ለብቻ፣ ትንንሹን ለብቻ» ብሎ ሲለይ ስሙን ጨርሶ አላነሣም፤ ሆኖም የማይገባው የለም።

ይህ መደጋገም የሁሉ ቋንቋ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። በመካከለኛው እስያ የሚነገረውን ካዛክኛን እንመልከት። ካዛክኛም እንደ አማርኛ ቅጽሉን ከስሙ ያስቀድማል፤ ጥቁር ፈረስ «ቃራ አት» ይባላል። ፈረሶቹ ሲበዙ «ቃራ አታር» ይሆናሉ። ስሙ ተለወጠ፤ «ቃራ» የሚለው ቅጽል ግን እንደ ነበረ ነው። ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም አይለወጥም፤ ጓዙን የሚሸከመው ስሙ ራሱ ነው። ይሁንና ካዛኮችም ቅጽልን ይደጋግማሉ። የሚደጋግሙት ግን ብዛትን ለማሳየት ሳይሆን ጽናትን ለማሳየት ነው፤ «ቃፕ-ቃራ» ማለት እጅግ ጥቁር፣ «ቅፕ-ቅዝል» ማለት እጅግ ቀይ ማለት ነው። እኛ «ጥቋቁር» ስንል ብዙ ጥቁር ነገር ይታየናል፤ እነርሱ በሚመስል ዘዴ የአንዱን ነገር ጥቁረት ያጸናሉ። አንዱ ዘዴ በሁለት አገር ሁለት ሥራ ይሠራል።

ከግዕዝ የወረስናቸው ቅጽሎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የግዕዙን ሥርዓት ይዘው ይኖራሉ። «ቅዱስ» ለወንድ፣ «ቅድስት» ለሴት፣ «ቅዱሳን» ለብዙ ወንዶች፣ «ቅዱሳት» ለብዙ ሴቶች ይሆናል፤ «ክቡር»፣ «ክብርት»፣ «ክቡራን»፣ «ክቡራት» እንዲሁ። «ቅዱሳት መጻሕፍት» ትክክል ነው። «ቅዱሳኖች» ግን በብዙ ላይ ብዙ መጨመር ነውና በጽሑፍ ልንርቀው ይገባል፤ በቃል ንግግር ስለ ተለመደ ብቻ ማረፊያ አንስጠው። በግዕዝ ቅጽል ከስሙ ኋላም ሊቆም እንደሚችል «መንፈስ ቅዱስ» የሚለው ስም ይመሰክራል።

ስለ መልክና ስለ መጠን ልክ

ድንጋያችንን እንደ ገና እናንሣ። አምስቱም ነጮች ናቸው ብለናል። አንድ ዓይነት ነጮች ናቸውን? አማርኛ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ አለው። «ነጣ ያለ»፣ «ጠቆር ያለ»፣ «ቀላ ያለ»፣ «ረዘም ያለ»፣ «ከበድ ያለ» ስንል ጠባዩ እንዳለ፣ ግን እንዳልሞላ እንናገራለን። ጠባዩ የሞላ ሲሆን በሚታወቅ ነገር እንመስለዋለን፤ «ወተት የመሰለ ነጭ»፣ «ከሰል የመሰለ ጥቁር»፣ «ደም የመሰለ ቀይ» እንላለን። «እጅግ በጣም ነጭ» ከሚለው ይልቅ «ወተት የመሰለ» የሚለው ዓይን ላይ ይቆማል።

የመልክ ቅጽል የሚገልጸውን ስም ተከትሎ ትርጕሙን እንደሚለውጥም ዕወቁ። «ቀይ ወጥ»፣ «ቀይ አፈር»፣ «ቀይ ጤፍ»፣ «ቀይ ሰው» በምንልበት ጊዜ ቀዩ አንድ አይደለም። «ጠይም» ለሰው መልክ እንጂ ለድንጋይ አይነገርም። ፈረሱ «ዳማ»፣ በሬው «ቡሬ» ነው። የገበሬ ልጅ የሆነ ተማሪ ይህን ከመጽሐፍ አይማርም፤ ሲጽፍ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል፤ በሬውንም «ባለ ብዙ ቀለም» ብሎት ያርፋል።

የወገል ጤና ኦፓል ከሌላው ድንጋይ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ውሃ ውስጥ ሲነከር ውሃውን ወደ ውስጡ ይመጣል፤ ነጭ የነበረውም ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። ሲደርቅ ወደ ቀድሞው መልኩ ይመለሳል። እንግዲህ «ነጭ» የሚለው ቅጽል ስለዚህ ድንጋይ እውነት የሚሆነው ድንጋዩ ሲደርቅ ነው። እርጥቡን አይቶ የገዛ ሰው ቤቱ ደርሶ ሌላ ድንጋይ ያገኘ ይመስለዋል። ሻጭ ሐሰት ባይናገርም ሁኔታውን ሳይገልጽ የተናገረው ቅጽል ገዢውን ሊያሳስተው ይችላል።

ይህን ጠባይ በአንድ ቃል የሚገልጽ ቅጽል በዕለት አነጋገራችን የለም። ታዲያ ምን እናደርጋለን? ግሥን በ«የ» እና በ«የሚ» አስረን የቅጽል ሥራ እናሠራዋለን፤ «ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ» እንላለን። እንዲህ ያለው ሐረግ እንደ ቅጽል ከስሙ ፊት ይቆማል፤ የታወቀ መሆኑንም የሚያሳየው ምልክት ወደ እርሱ ይሄዳል፤ «ከገደሉ የወጣው ነጭ ድንጋይ»፣ «ውሃ የሚጠጣውን ድንጋይ»። ቅጽል በጠፋበት ቦታ ሁሉ ይህ በር ክፍት ነው። በእኔ አስተያየት ጥሩ የአማርኛ ገላጭ ጽሑፍ ከቅጽል ይልቅ በዚህ ዓይነቱ ሐረግ ይቆማል።

ለማነጻጸር አማርኛ ቅጽሉን አይለውጥም። ካዛክኛ «ቃራ» ያለውን «ቃራራቅ» ብሎ «ይበልጥ ጥቁር» ያሰኘዋል። እኛ ግን «ከ»ን በምናነጻጽርበት ነገር ላይ እናደርግና ነገሩን ለግሡ እንሰጠዋለን፤ «ይህ ድንጋይ ከዚያ ይነጣል» ወይም «ከዚያ ይልቅ ይህ ነጭ ነው» እንላለን። ከሁሉ የሚበልጠውን ስናነሣ ደግሞ ያ ከላይ ያየነው ምልክት ይበቃናል፤ «ከአምስቱ ትልቁ»።

ቅጽል በድርሰት ውስጥ

ተማሪዎች ስለ ላሊበላ ድርሰት ጻፉ ሲባሉ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራሉ፦ «ላሊበላ እጅግ ውብ፣ ድንቅ፣ አስደናቂና ታሪካዊ ቦታ ነው።» አራት ቅጽል አለ። ላሊበላ የሚለውን ስም አውጥታችሁ አክሱምን፣ ጎንደርን ወይም ሐረርን አስገቡበት፤ ዓረፍተ ነገሩ ያለ ምንም ችግር ይቆማል። አራቱ ቅጽሎች የጸሐፊውን አድናቆት ነገሩን እንጂ ቦታውን አላሳዩንም። በተለይ «ታሪካዊ» የሚለው ቃል በየድርሰቱ ከመደጋገሙ የተነሣ የሚናገረው ነገር አልቆበታል።

አሁን ይህን አንብቡ፦ «ቤተ ጊዮርጊስ ቀላ ካለ ዐለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ፣ መላ አካሉ በመስቀል ቅርጽ የታነጸ፣ ጣራው ከዙሪያው መሬት የማይበልጥ ቤተ ክርስቲያን ነው።» እዚህ ውስጥ አንድም የአድናቆት ቅጽል የለም። ቢሆንም አክሱም ሊገባበት አይችልም፤ ከአሥራ አንዱ የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት መካከል እንኳ ሌላው ሊገባበት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ምክንያት የሆነው አንባቢ ራሱ እንዲያደንቅ እንዲህ ያለውን ማሳየት ይበቃል፤ «አስደናቂ» የሚለውን ቃል እርሱ ይጨምረዋል።

ቅጽልን ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ቃል ነገሩን ከምን ይለየዋል? በጥቋቁር ድንጋዮች መካከል «ነጩ» የሚለው ቅጽል በቂ ነው። በአምስት ነጫጭ ድንጋዮች መካከል ግን ምንም አይለይም፤ ከስሙ በፊት ቆሟል፣ ጓዙን ተሸክሟል፣ ሰዋስዉም አልተነካም፤ ሥራውን ግን አልሠራም። የነጋዴው ደብዳቤ የሰዋስው ስሕተት አልነበረበትም።

ነጋዴው ደብዳቤውን እንዲህ አድርጎ ጽፎት ቢሆን ኖሮስ?

«ወንድሜ ሆይ፤ በሣጥኑ ውስጥ ካሉት አምስት ነጫጭ ድንጋዮች መካከል በመጠን ከትልቁ ቀጥሎ ያለውን፣ ሞላላውን፣ በአንድ ጎኑ ስስ ቡናማ ዐለት የቀረበትን፣ ብርሃን ላይ ሲያዞሩት አረንጓዴና ቀይ የሚያብለጨልጨውን ድንጋይ በሰው እጅ ላክልኝ። ገዢው ደረቁን ማየት ይፈልጋልና ውሃ አታስነካው።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያሉትን ቅጽሎችና የቅጽል ሥራ የሚሠሩ ሐረጎች በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። በእያንዳንዱ ላይ «ው» ወይም «ን» ለምን እንደ ገባ፣ በ«ነጫጭ» ላይ ደግሞ ለምን እንዳልገባ አስረዱ። ከዚያም አንዱን ቅጽል ሰርዙና የአጎቱ ልጅ ስንት ድንጋይ ሊያነሣ እንደሚችል አስቡ።